አንድ ቦይ ለሁሉም፦ ፋይበርን ስለመጋራት የደረሱን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የዚህ ዙር ደብዳቤዎች ከተለያየ ከተማ ቢመጡም ዞረው ዞረው የሚያርፉት ቁፋሮ ላይ ነው። ተገቢም ነው። ከፋይበር መስመር ወጪ ትልቁን የሚበላው ቁፋሮው ነው፤ አቧራው፣ ናፍጣው፣ የሚቆረጠው የዛፍ ሥርና የሚፈርሰው መንገድም ያለው እዚያው ነው። ፀጉር የሚያክለው ብርጭቆ ራሱ እዚህ ግባ የሚባል ጉዳት የለውም። ስለዚህ መልሶቻችን ቦዩ ላይ ረዘም፣ ሌላው ላይ አጠር ብለዋል።

ከሰሚት፣ አዲስ አበባ፦ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አባል ነኝ። ግቢያችን 12 ብሎክ አለው፤ እያንዳንዱ ጂ ፕላስ 4 ሆኖ 20 ቤት ይይዛል። ነዋሪው አዋጥቶ የውስጥ መንገዱን ኮብልስቶን ልናነጥፍ ነው። ሁለት የኢንተርኔት አቅራቢዎች ፋይበር ማስገባት ይፈልጋሉ፤ አንዱ አሁኑኑ፣ ሌላው “በሚቀጥለው ዓመት” ይላል። ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ምን እንቅበር?

ባዶ ቱቦ ቅበሩ። ኬብል ከቀበራችሁ የአንደኛው አቅራቢ ንብረት ይሆንና ሌላው ሲመጣ ድንጋዩ ይነሳል። ቱቦ ከሆነ ግን ሁለተኛውም ሦስተኛውም ኬብሉን ጎትቶ ያስገባል፤ መንገዱን የሚነካ የለም።

በመጀመሪያ አንድ የጋራ ክፍል ምረጡ። ጥበቃ ቤቱ አጠገብ ያለች፣ ጎርፍ የማይደርስባት፣ 2 ሜትር በ2 ሜትር የምትሆን ክፍል ትበቃለች። ከግቢው በር እስከዚች ክፍል ድረስ ውጫዊ ዲያሜትራቸው 40፣ ውስጣቸው 33 ሚ.ሜ. ገደማ የሆነ 4 የኤችዲፒኢ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ቱቦዎች ይዘርጉ፦ ለሁለቱ አቅራቢዎች አንድ አንድ፣ ለግቢው ካሜራ አንድ፣ አንዱ መጠባበቂያ። ከክፍሏ ወደ እያንዳንዱ ብሎክ ደግሞ 2 ቱቦ ይሂድ፤ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ባዶ። “ባዶውን ቀብረን ምን እናደርገዋለን?” የሚል ነዋሪ እንደማይጠፋ እናውቃለን። የሚሠራው ቱቦ በደለል ሲደፈን ወይም የውሃ ቧንቧ ጠጋኝ በዶማ ሲበሳው መልሱን ያገኛል።

ሂሳቡን እንየው። ቦዩ በጠቅላላ 400 ሜትር ርዝመት፣ 35 ሴ.ሜ. ስፋትና በአማካይ 80 ሴ.ሜ. ጥልቀት ቢኖረው 112 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። የተቆፈረ አፈር ስለሚነፋ ሩብ ያህል ሲጨመርበት 140 ይሆናል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 9 ምልልስ ነው። በእናንተ አካባቢ ደግሞ መሬቱ በብዙ ቦታ መረሬ ነው። መረሬ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ መሞላት የለበትም፤ ክረምት ላይ አብጦ ድንጋዩን ያነሳዋል፣ በጋ ላይ ተሰንጥቆ ይጥለዋል። በምትኩ ሰሌክት፣ ማለትም የተመረጠ የሙሌት አፈር ይገባል፤ ያ ደግሞ በሌላ ሲኖትራክ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው አቅራቢ ለብቻው ቢቆፍር ይህ ሁሉ ምልልስ አንድ ጊዜ ይደገማል፤ የተነጠፈው ኮብልስቶንም ይፈታል።

አቀባበሩ እንዲህ ነው። ከታች 10 ሴ.ሜ. አሸዋ ይነጠፋል፤ ቱቦዎቹ ሳይጠላለፉ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ከላያቸው ሌላ 10 ሴ.ሜ. አሸዋ ይለብሳሉ። ከዚያ ሰሌክቱ በ15 ሴ.ሜ. ንጣፍ እየተደለደለ፣ በመጠኑ ውሃ እየጠጣ፣ በኮምፓክተር ይጠቀጠቃል። ከቱቦው 30 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ ማስጠንቀቂያ ቴፕ ይዘርጋ። እግረኛ ብቻ በሚያልፍበት ከቱቦው አናት እስከ መንገዱ ገጽ 60 ሴ.ሜ. ይበቃል፤ መኪና በሚያልፍበት 80 ይሁን። ከመብራት ኬብል ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነ ቢያንስ 30 ሴ.ሜ. ይራቅ። “ቁፋሮው ቀርቶልን እዚያው እናሳልፈው” ብሎ ፍሳሽ መስመር ውስጥ ማስገባት ግን ፍጹም አይሆንም።

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው ማጠፊያ ላይ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ጥግ ሲደርስ የለመደውን የ90 ዲግሪ ኤልቦ ይገጥማል። ውሃ በኤልቦ ያልፋል፣ ኬብል አያልፍም። ቱቦው ራሱ ሳይቆረጥ ቢያንስ የ50 ሴ.ሜ. ራዲየስ ባለው ሰፊ ኩርባ ይዙር። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ 26 ሚ.ሜ. ውፍረትና አንድ ስንዝር ርዝመት ያለው ድቡልቡል እንጨት በገመድ አስራችሁ ቱቦው ውስጥ ከጫፍ ጫፍ ጎትቱት። አንድ ጊዜ አፈር ከመሙላታችሁ በፊት፣ ሌላ ጊዜ ከተጠቀጠቀ በኋላ። እንጨቱ ከቆመ እዚያ ቦታ ቱቦው ተጨፍልቋል ወይም ተጣሟል፤ ዛሬ ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ኮብልስቶኑ ከተነጠፈ በኋላ ግን ጣጣ ነው። እንጨቱ ካለፈ 6 ሚ.ሜ. የናይሎን ገመድ ውስጡ ተዉለትና ሁለቱንም ጫፍ በመዝጊያ ድፈኑ። ክፍት የቀረ ቱቦ በአንድ ክረምት በደለል ይሞላል፤ አይጥም ቤቱ ያደርገዋል።

በየማጠፊያው፣ በየብሎኩ ሥር፣ ቀጥ ባለ መንገድም በየ50 እስከ 60 ሜትሩ ሃንድሆል፣ ማለትም ኬብሉ የሚደረስበት ባለ ክዳን ጉድጓድ ያስፈልጋል። ውስጡ 60 በ60፣ ጥልቀቱ 80 ሴ.ሜ. ቢሆን ሰው ተንበርክኮ ሊሠራበት ይችላል። ወለሉ ኮንክሪት ሳይሆን 15 ሴ.ሜ. ጠጠር ይሁን። መረሬ ላይ ግን ውሃ ስለማይሰርግ ከታች በኩል ወደ ጎርፍ መውረጃው የሚያወጣ የ2 ኢንች ቱቦ ጨምሩበት። ክዳኑ የተጠናከረ ኮንክሪት ይሁን፤ የብረት ክዳን ሳምንት አይከርምም።

አፈር ከመመለሱ በፊት ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ሃንድሆል ከሁለት የህንፃ ማዕዘኖች ለክታችሁ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኮሚቴው ሲቀየር ቦታውን የሚያስታውሰው ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ከአቅራቢዎቹ ጋር በምትፈራረሙት ውል ላይ ማንም ብቸኛ ተጠቃሚ እንዳይሆን፣ ለአንድ አቅራቢ አንድ ቱቦ ብቻ እንደሚሰጥ፣ የክፍሏ ቁልፍ በኮሚቴው እጅ ሆኖ ገቢና ወጪው በመዝገብ እንደሚያዝ፣ ለቅቆ የሚሄድ አቅራቢም ኬብሉን ለምሳሌ በ90 ቀን ውስጥ ነቅሎ እንደሚወስድ ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ይረሳል፤ ከዚያ ቱቦዎቹ በሞተ ኬብል ይሞሉና እንደገና “እንቆፍር” ይመጣል። ኢንተርኔት ገዝቶ ለነዋሪው በክፍያ ማከፋፈል ግን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። ቱቦውን ለማከራየት ካሰባችሁም አስቀድማችሁ ባለሥልጣኑን ጠይቁ።

ከአዳማ፦ የኔትወርክ ቴክኒሻን ነኝ። ሁለት አቅራቢዎች አንድ የመኖሪያ መንደር ሲጋሩ ስፕሊተሩ (የአንዱን ፋይበር ብርሃን ለብዙ ቤት የሚያካፍለው) በየብሎኩ ይሁን ወይስ በአንድ ቦታ? የህንፃ ውስጥ ኬብሉንስ እንዴት እንካፈለው?

በአንድ ቦታ ይሁን። ምክንያቱን ከላይ ባለው የሰሚት ግቢ እናሳይ። አንድ አቅራቢ በ12ቱ ብሎክ 60 ደንበኛ አገኘ እንበል፤ በየብሎኩ አምስት አምስት። በየብሎኩ 1 ለ 32 ስፕሊተር ካስቀመጠ ለ60 ሰው 12 ስፕሊተርና 12 የኦኤልቲ (ብርሃኑን የሚልከው የአቅራቢው መሣሪያ) ፖርት ያስፈልገዋል፤ ፖርቶቹ ሌት ተቀን መብራት ይበላሉ፣ 32 ቤት በሚችለው ላይ 5 ቤት ይዘው። ስፕሊተሩ የጋራ ክፍል ውስጥ ከሆነ 2 ስፕሊተርና 2 ፖርት ለ64 ቤት ይበቃሉ። ደንበኛ ሲጨምር ሦስተኛው ይጨመራል።

ዋጋው ከክፍሉ እስከ ብሎኩ ወፍራም ኬብል መሳብ ነው፤ ለአንድ ብሎክ 48 ኮር፣ ማለትም 48 ፋይበር የያዘ። ለ20 ቤት ሁለት ሁለት ፋይበር 40 ይሆናል፣ 8 መጠባበቂያ ይተርፋል። ሁለት ፋይበር ለአንድ ቤት የበዛ ከመሰላችሁ በስዊዘርላንድ የተለመደው ለአንድ ቤት 4 ፋይበር ነው፤ አንዱ አቅራቢ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው እንዲገባ። ሁለቱ አቅራቢዎች አንዱን ስፕሊተር ይጋሩ የሚል ሐሳብም ይነሳል፤ አይሠራም። እያንዳንዱ የራሱ ኦኤልቲና የራሱ ስፕሊተር ይኑረው፤ የሚጋሩት ከስፕሊተሩ ወዲህ ያለውን፣ ወደ ቤት የሚሄደውን ፋይበር ነው።

የጋራ ክፍሉ ውስጥ አንድ ራክ (የዕቃ መደርደሪያ) ላይ የነዋሪው ፓናል (የፋይበር ጫፎች የሚሰኩበት) በአንድ ወገን፣ የአቅራቢዎቹ በሌላ ወገን ይሁን። ደንበኛ አቅራቢ ሲቀይር አንድ ፓች ኮርድ (አጭር ማገናኛ ኬብል) ከአንዱ ተነቅሎ ወደ ሌላው ይሰካል፣ አለቀ። ግድግዳ አይበሳም፣ አዲስ ኬብል አይጎተትም። ኮኔክተሩ በሙሉ አረንጓዴው፣ ማለትም ኤስሲ/ኤፒሲ ይሁን። ሰማያዊውን ከአረንጓዴው ጋር የሚያገናኝ ሰው አይጠፋም፤ ገጻቸው ስለማይገጥም ሲግናሉ ይወድቃል፣ ጫፋቸውም ይጫራል።

ቀለሞቹን በቅደም ተከተላቸው ያዙ፦ ሰማያዊ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ሮዝ፣ ውሃ ሰማያዊ። 48 ኮር ማለት ኬብሉ ውስጥ ባለ 12 ፋይበር አራት ቀጫጭን ቱቦ ነው። “ቤት 203፣ ቱቦ ብርቱካንማ፣ ፋይበር ቀይና ጥቁር” ብሎ የሚያስረዳ ሠንጠረዥ ራኩ በር ላይ በላሚኔሽን ይለጠፍ።

የኃይል ሂሳቡ ይበቃል ወይ ለምትሉ፦ ኦኤልቲው +3 ዲቢኤም ይልካል እንበል (ዲቢኤም የብርሃኑ ጉልበት፣ ዲቢ በመንገድ የሚጠፋው መለኪያ ነው)። 4 ኪ.ሜ. ፋይበር በ1310 ናኖ ሜትር ለኪሎ ሜትር 0.35 ሲባል 1.4 ዲቢ፣ 1 ለ 32 ስፕሊተር 17.5፣ አራት ኮኔክተር በ0.3 ሲሆኑ 1.2፣ ስድስት ስፕላይስ (ፋይበር ከፋይበር የተቀጠለበት) በ0.1 ሲሆኑ 0.6። ድምሩ 20.7 ዲቢ ነው፤ ቤት የሚደርሰው -17.7 ዲቢኤም ይሆናል። የጂፖን (አንዱን ፋይበር በስፕሊተር ለብዙ ቤት የሚያጋራው ስልት) ክላስ ቢ ፕላስ መቀበያ እስከ -27 ይችላል። እኛ 3 ዲቢ ለእርጅናና ለጥገና ትተን ከ-24 የከፋውን ንባብ አንቀበልም።

ንባቡ ከዚያ ከወረደ ኬብል ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ኮኔክተሩን ጥረጉ፤ አብዛኛው ጥሪ እዚያ ያበቃል። ካልተስተካከለ በኦቲዲአር (ብርሃን ልኮ ጉድለቱ የት እንዳለ በሚያሳየው መለኪያ) በ1310 እና በ1550 ናኖ ሜትር ለኩ። አንድ ቦታ ላይ በ1550 የሚታየው ጉድለት በ1310 ከሚታየው በግልጽ ከበለጠ ፋይበሩ እዚያ ታጥፏል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሳጥን ክዳን ሥር የተቀረቀረ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ የታነቀ ነው። ጉድለቱ በሁለቱም እኩል ከሆነ ስፕላይሱን ድገሙት። ለቤት ውስጥ ጂ.657.ኤ2 ፋይበር እዘዙ፤ እስከ 7.5 ሚ.ሜ. ራዲየስ መታጠፍ ይችላል። ተራው ጂ.652.ዲ 30 ሚ.ሜ. ይፈልጋልና በኮንዶሚኒየም ጥግ ላይ አይመችም።

ከመገናኛ፦ ከጎረቤቶቼ ጋር አንድ ፋይበር ከተጋራሁ ኢንተርኔቴ አይቀንስም? የማየውንስ አያዩብኝም?

በጂፖን አንድ ፖርት ወደ ታች 2.488 ጊጋ ቢት በሰከንድ ይልካል። 32ቱም ቤት በአንዲት ሰከንድ ሙሉውን ቢጠቀሙ ለእያንዳንዱ 77 ሜጋ ቢት ገደማ ይደርሳል፤ በተግባር ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጠቀምም። ምሽት ላይ የሚቀንስብዎት ከሆነ መንስኤው ከፋይበሩ ይልቅ አቅራቢው ወደ ላይ የገዛው አቅም ማነስ ወይም የቤትዎ ዋይፋይ ነው። ወደ ታች የሚወርደው መረጃ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በኤኢኤስ ይመሰጠራል፤ ጎረቤት አያነበውም። ደግሞም ነገ 10 ጊጋ ቢት የሚሰጠው ኤክስጂኤስ-ፖን ሲመጣ የሚጠቀመው ሌላ የብርሃን ቀለም ስለሆነ በዚያው ፋይበር፣ በዚያው ስፕሊተር ከጂፖን ጎን ይሄዳል። የሚቀየረው ሁለቱ ጫፍ ላይ ያለው ዕቃ ብቻ ነው።

ከባሕር ዳር፦ አነስተኛ ኮንትራክተር ነኝ። መቆፈሩን ትቼ በመብራት ምሰሶ ላይ ብዘረጋው ለአካባቢ አይሻልም? በጠባብ መቁረጫ አስፋልት ሰንጥቆ መቅበርስ?

ምሰሶው ቀድሞውኑ የቆመ ከሆነ ይሻላል፣ አንድ ሁኔታ ሲሟላ ብቻ፦ ኬብሉ የጋራ ሲሆን። አራት ድርጅት አራት ባለ 24 ኮር ከሚሰቅሉ አንድ ባለ 96 ኮር ይሰቀል። ምሰሶው ላይ ክብደት የሚጨምረው የኬብሉ ቁጥርና ነፋስ የሚያገኘው ገጽ ነው፤ ውስጡ ያለው ብርጭቆ ቁጥር ያን ያህል አይመዝንም። ብረት የሌለበትን፣ ራሱን የሚሸከመውን ኤዲኤስኤስ ኬብል ተጠቀሙ፤ የምሰሶዎቹን ርቀት ለሻጩ ተናገሩ፣ ለ50 ሜትር የተሠራውን 120 ሜትር ላይ ብትዘረጉት ይለጠጥና ፋይበሩ ይሰቃያል። ከመብራት ሽቦው የሚርቀውን ልክ የሚወስነው የምሰሶው ባለቤት ነው፤ ያለ ፈቃዱና ያለ ሠራተኛው ማንም እንዳይወጣ።

መንገድ በሚያቋርጥበት ከ5.5 ሜትር በታች አይውረድ። አሸዋ ደፍቶ ሳጥኑን ሳያወርድ የሚነዳ ሲኖትራክ ዝቅ ያለ ኬብልን ከነምሰሶው ይዞ ይሄዳል። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ከሆነ መጀመሪያ እግሩን አፈር ከሚነካበት ቦታ 20 ሴ.ሜ. ቆፍራችሁ በጩቤ ውጉት። ላይ ሲያዩት ጤነኛ የሚመስል ምሰሶ የሚበሰብሰው እዚያ ነው፤ ጩቤው በቀላሉ ከገባ ኬብል አትስቀሉበት። በኬሚካል የተነከረ አሮጌ ምሰሶ ከተነሳ በኋላ ማገዶ እንዳይሆን ጠብቁት፤ አንዳንዱ ማንከሪያ አርሴኒክ አለበት።

በረጅም ርቀት ደግሞ መጋራት አስቀድሞ ያለ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮቹ አናት ላይ ባለው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ውስጥ ፋይበር አለው፤ ለቴሌኮም ኩባንያዎችም ያከራያል። ከከተማ ከተማ አዲስ ቦይ ከመቆፈር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስለ ጠባብ ስንጥቅ፦ ከ2 እስከ 5 ሴ.ሜ. ስፋት፣ ከ30 እስከ 40 ሴ.ሜ. ጥልቀት ያለው ማይክሮ ትሬንች በጥሩ አስፋልት ላይ አፈርና ናፍጣ ይቆጥባል። ጥልቀቱን ሲቀንሱ ግን ጥፋት ይመጣል። ጉግል ፋይበር በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ 5 ሴ.ሜ. ገደማ ብቻ ሰንጥቆ ቀበረ፤ መሙያው እየተላቀቀ ኬብሉ መንገድ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 አገልግሎቱን ዘግቶ ከከተማዋ ሲወጣ ለመንገዱ ጥገና 3.84 ሚሊዮን ዶላር ለከተማዋ ከፈለ። ቁጠባ የተባለው ድርብ ሥራ ሆነ ማለት ነው። ኮብልስቶን ላይ ይህ ዘዴ ከነአካቴው አይሠራም፤ ድንጋዩ የተቀመጠው አሸዋ ላይ ስለሆነ ስንጥቁ ይፈርሳል። ግን ኮብልስቶን የራሱ ጥቅም አለው፦ በእጅ ተነቅሎ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይነጠፋል። የሚነቀለውን በሸራ ላይ ከአፈሩ ለይታችሁ ደርድሩ፤ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ ግማሹ በሲኖትራክ ይሄድና አዲስ ድንጋይ ከካባ ይመጣል።

ከስቶክሆልም፦ እኔ በምኖርበት ህንፃ ግድግዳው ላይ ያለው የፋይበር ሶኬት አንድ ነው፤ ኢንተርኔት የምገዛው ግን ከብዙ አቅራቢዎች መርጬ ነው። እንዴት ነው የሚሠራው? አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ላስረዳው ፈልጌ ነው።

ሥራው ለሦስት ስለተከፈለ ነው። የከተማው ንብረት የሆነው ስቶካብ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲቋቋም መሬት ውስጥ ፋይበር ቀብሮ ለፈለገው ሁሉ በእኩል ዋጋ እንዲያከራይ ነበር፤ ኢንተርኔት ራሱ አይሸጥም። የህንፃውን ውስጥ ኬብል ብዙ ጊዜ የቤቶቹ ማኅበር ይይዘዋል። መሐል ላይ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ አንድ ድርጅት አለ፤ እርስዎ ውል የሚገቡት አቅራቢ ደግሞ በዚያ ላይ አገልግሎቱን ይሸጣል። ስለዚህ አቅራቢ ሲቀይሩ ኮምፒውተር ላይ ትዕዛዝ ይቀየራል እንጂ መንገድ ላይ ዶማ የሚያነሳ የለም።

ለወንድምዎ ይህን ይጨምሩለት፦ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው የጊጋ ቢት መሠረተ ልማት ደንብ ቁጥር 2024/1309 አዳዲስ ህንፃዎች ለፋይበር የተዘጋጁ ሆነው እንዲሠሩና በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ቁፋሮ ለሌሎች እንዲቀናጅ ያስገድዳል። አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ሕግ ሳይጠብቅ ሊያደርገው የሚችለው ከአጥሩ እስከ ደረጃው ሥር አንድ ባለ 40 ሚ.ሜ. ቱቦ፣ ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ፎቅ ባለ 25 ሚ.ሜ. ቱቦ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ማስቀመጥ ነው።

ከሐዋሳ፦ መብራት ሲጠፋ የግቢያችን ኢንተርኔት እንዳይቋረጥ 5 ኬቪኤ ጀነሬተር እንግዛ ወይስ ባትሪ?

ባትሪ። ኦኤልቲውና የኔትወርክ ስዊቹ አንድ ላይ 150 ዋት ይፈልጋሉ እንበል፤ ይህ ለዚያ ጀነሬተር ከአቅሙ 4 ከመቶ እንኳ አይሞላም። የናፍጣ ሞተር እንዲህ ሸክም ሳይኖረው ሲሠራ ነዳጁ በደንብ አይነድም፣ ጥቀርሻ ይይዛል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በሰዓት 1 ሊትር ቢበላ በ6 ሰዓት 6 ሊትር፣ ወደ አየር የሚለቀው ደግሞ 16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል።

በባትሪ ሲሆን 150 ዋት ለ6 ሰዓት 900 ዋት-ሰዓት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ቢወርድ ቶሎ ስለሚሞት 1,800 ያስፈልጋል፤ ባለ 12 ቮልት 40 አምፒር-ሰዓት አራት ባትሪ በተከታታይ። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ እስከ 85 ከመቶ ስለሚወርድ ባለ 48 ቮልት 25 አምፒር-ሰዓት አንዱ ይበቃል። መግዣው ይወደዳል፣ ግን ብዙ ዓመት ይቆያል። ሊድ አሲድ ከገዛችሁ አሮጌውን መልሶ የሚረከብ ሻጭ ምረጡ፤ ሰፈር ውስጥ ተሰብሮ እርሳሱ እንዲቀልጥ አይሁን።

ቤት ያለው ራውተር ግን አይረሳ። አንድ ኦኤንቲ (ቤት ውስጥ ፋይበሩ የሚሰካበት መሣሪያ) ከነዋይፋዩ 10 ዋት ቢወስድ በዓመት 87.6 ኪሎ ዋት-ሰዓት ነው። እንደ ሰሚቱ ግቢ 240 ቤት ሲሆን 21,024፤ ኦኤልቲውና ስዊቹ ያሉበት የጋራው ካቢኔት በዓመት 1,314 ብቻ። ኮሚቴዎች ስለ ካቢኔቱ ሲከራከሩ ይውላሉ፣ አሥራ ስድስት እጥፉ ያለው ሳሎን ውስጥ ነው። አገራችን መብራቱን በአብዛኛው የምታገኘው ከውሃ ስለሆነ ከፍጆታው በላይ የሚያሳስበው የዕቃው መመረትና መጣል ነው። አቅራቢ ሲቀየር አሮጌው ኦኤንቲ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ውሉ ላይ መመለሻ ይኑረው። መብራት ሲጠፋ ለቤት የምትጠቀሙበት ሚኒ ዩፒኤስ ከራውተሩ ቮልት ጋር መግጠሙን እዩ፤ ባለ 10,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓቱ በ10 ዋት ሦስት ሰዓት ያህል ይይዛል፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን።

ከደሴ፦ የተራረፈ የፋይበር ኬብል ተሰብስቧል። አቃጥለን መዳብ እናውጣበት ይሉኛል።

መዳብ የለውም። ውስጡ ብርጭቆ፣ ፕላስቲክና ምናልባት የብረት ሽቦ ነው፤ ማቃጠል ጢሱን ብቻ ነው የሚያተርፋችሁ። ለዚህ ተብሎ መስመር የሚቆርጡ ሌቦችም ባዶ እጃቸውን ነው የሚመለሱት። ከ30 ሜትር በላይ የሆነውን ቁራጭ ርዝመቱን ጽፋችሁበት ለጥገና አስቀምጡ። የእንጨት ከበሮውን ለኬብል ሻጩ መልሱ። ቱቦ ቁርጥራጩ ኤችዲፒኢ ስለሆነ ፕላስቲክ የሚያቀልጡ ይወስዱታል፤ አፈሩን ማራገፍ ብቻ ይበቃል። ስፕላይስ ሲደረግ የሚቆረጡትን ጥቃቅን ብርጭቆዎች ደግሞ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰብስቡ፤ ቆዳ ውስጥ ከገቡ በዓይን አይታዩም፣ ስለዚህ ሥራው ቦታ ላይ እንጀራ አይበላ። ጠርሙሱ ሲሞላ በቴፕ ታሽጎ፣ “ብርጭቆ” ተብሎ ተጽፎበት ይጣል።